ሺያመንን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሺያመን በቻይና ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በፉጂየን ክፍለ ሀገር፣ ከታይዋን ማዶ ያለች የደሴት ከተማ ናት። ለንግድ ጓንጁ ወርደው ጥቂት ቀን የተረፋቸው፣ ቻይና የሚማሩ ተማሪዎችና ቤተሰብ ይዘው ለዕረፍት የሚሄዱ ሰዎች በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች አሉ። ሰዓቶቹን በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. አስቀምጠናል። ዋጋው በዩዋን ነው፤ ሊጨምር ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት አንዴ ማየት ጥሩ ነው።

ስንት ቀን ይበቃኛል?

ሦስት ሙሉ ቀን። አንዱ ለጉላንግዩ ደሴት፣ አንዱ ለናንፑቱኦ ቤተ መቅደስና ለዕፅዋት ማዕከሉ፣ አንዱ ለባሕር ዳሩ መንገድና ለገበያው። ሁለት ቀን ብቻ ካለዎት ገበያውን ማታ ማታ ያድርጉት። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ግን አንመክርም፤ ግማሹ ቀን ጀልባ ሲጠብቁ ያልቃል።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይለዝባል፣ ሰማዩም ይጠራል። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ስለሚበርድ ጃኬት ያስፈልጋል።

ማርች እና ኤፕሪል ላይ ችግሩ ጉም ነው። ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ገና ካልሞቀው ባሕር ላይ ሲያርፍ ወፍራም ጉም ይሠራል፤ አንዳንድ ጠዋት ጀልባዎች ጉሙ እስኪነሳ ይቆማሉ። በእነዚህ ወራት ወደ ጉላንግዩ የሚሄዱበትን ቀን ከጉዞዎ መጨረሻ ጋር አያያይዙት። ከሰዓት በኋላ በረራ ይዞ ጠዋት ደሴት መሻገር ዕድልን መፈተን ነው።

ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ታይፉን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የሚመጣበት ወቅት ነው። በሴፕቴምበር 2016 ሜራንቲ የተባለው ታይፉን በቀጥታ ሺያመን ላይ አርፎ በከተማው ውስጥ ዛፎችን ከሥራቸው ነቅሏል። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ጀልባ፣ ባቡርና መናፈሻ ተራ በተራ ይዘጋሉ። እንዲህ ካለ የሆቴልዎን ቆይታ አንድ ቀን ያራዝሙ፣ ውኃና ምግብ ክፍልዎ ውስጥ ይያዙ፣ ባሕሩን ለማየት ዳርቻ አይውረዱ።

ከኦክቶበር 1 እስከ 7፣ በሜይ መጀመሪያና በቻይና አዲስ ዓመት ግን አየሩ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፉት። አገሩ ሁሉ ዕረፍት ላይ ስለሚሆን የጀልባ ትኬት ቀድሞ ያልቃል፣ የሆቴል ዋጋም ሰማይ ይነካል።

ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ የሚሄድ ሰው ሙቀቱንና ዝናቡን ቢታገሥ የሚክስ ነገር ያገኛል። የሺያመን የከተማ ዛፍ እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ባለ ቀይ አበባው ነው፤ በዚህ ጊዜ መንገዱን ሁሉ ያቀላዋል።

ከጓንጁ እንዴት ልድረስ?

በፈጣን ባቡር። ጉዞው እንደ ባቡሩ ዓይነት ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል፤ ከሼንጀን ከተነሱ ያጥራል። ትኬት ሲቆርጡ የጣቢያውን ስም ልብ ይበሉ። «ሺያመን» የሚለው ጣቢያ ደሴቱ ላይ፣ ከተማው መሐል ነው። «ሺያመን ሰሜን» ግን ከባሕሩ ማዶ በዋናው ምድር ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ባቡሮችም እዚያ ይቆማሉ። ከሰሜን ጣቢያ ወደ ደሴቱ በሜትሮ መስመር 1 ይገባል፤ ጉዞው ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ለመመለሻው ቀን ሰፋ ያለ ጊዜ ይያዙ።

በአውሮፕላን ከሆነ ጋዎቺ አየር ማረፊያ ደሴቱ ላይ ነው። በሺያንግአን በኩል አዲስ አየር ማረፊያ እየተገነባ ስለሆነ በትኬትዎ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ።

ወደ ጉላንግዩ የሚሄደው ጀልባ ከየት ነው የሚነሳው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉላንግዩ የከተማዋ ዋና የገበያ ጎዳና ከሆነው ከጆንግሻን መንገድ ጫፍ ቆመው ሲያዩዋት እጅ ብትዘረጋ የምትነካት ትመስላለች፤ እዚያው ፊት ለፊት ሉንዱ የሚባል የጀልባ መነሻም አለ። ይሁን እንጂ ሉንዱ ቀን ቀን የነዋሪዎች ነው። ጎብኚ ቀን ላይ የሚሻገረው ከዚያ በስተሰሜን፣ ዶንግዱ አካባቢ ካለው የዓለም አቀፍ መርከቦች ማዕከል ነው። ሉንዱ ደርሶ የተመለሰ ሰው ታክሲ ይዞ ዶንግዱ እስኪደርስ ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሊያልፈው ይችላል።

አሠራሩ ይህ ነው። ተራው የደርሶ መልስ ትኬት 35 ዩዋን ሲሆን የተሻለ መቀመጫ ያለው ጀልባ 50 ዩዋን ነው። ትኬቱ በፓስፖርት ቁጥር ስለሚቆረጥ ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፤ ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ ያለ ምስል መግቢያው ላይ ችግር ያመጣል። ሲገዙ ቀኑን፣ የመነሻ ሰዓቱንና የሚወርዱበትን ወደብ ይመርጣሉ። ከመነሻው ሰዓት 40 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፣ ምክንያቱም ከፍተሻው በኋላ ሌላ ረጅም ሰልፍ አለ። ማቋረጡ ራሱ 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

በዊቻት (የቻይናውያን የመልእክትና የክፍያ መተግበሪያ) መግዛት ይቻላል፤ ገጹ የውጭ ፓስፖርት አልቀበልም ካለ ግን ብዙ አይታገሉ፣ ከአንድ ቀን በፊት መነሻው ሄደው በመስኮት ይግዙ። ሆቴልዎም ሊቆርጥልዎ ይችላል። መንገድ ላይ «ሰልፍ የሌለው ትኬት አለኝ» የሚል ደላላ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ደሴቷን ዞሮ የሚመለስ፣ ሰው የማያወርድ የሽርሽር መርከብ ነው።

አመሻሽ ላይ፣ እንደ ወቅቱ 18:00 ገደማ፣ ሕጉ ይለወጥና ጎብኚም በሉንዱ በኩል መሻገርና መመለስ ይችላል። ማረፊያቸው ጆንግሻን አካባቢ የሆነ ሰዎች ቀኑን ደሴቷ ላይ ውለው ማታ በዚህ ቢመለሱ የታክሲ ሒሳብም ይቀንሳል፣ የከተማዋንም መብራት ከባሕር ላይ ያያሉ።

የትኛው ወደብ ልውረድ?

ሳንቺዩቲየን ከታዋቂዎቹ ሕንፃዎችና ከገበያው ጎን ነው፤ ስለዚህም ይጨናነቃል። ኔይጹአዎ በምዕራቡ በኩል ያለ ጸጥ ያለ ወደብ ነው። የእኛ ምርጫ ኔይጹአዎ ወርዶ ደሴቷን በእግር እያቋረጡ ሳንቺዩቲየን ላይ መጨረስ ነው። ጠዋት ሕዝቡ ከምሥራቅ ሲገባ እርስዎ ከምዕራብ ስለሚመጡ ሁለት ሰዓት ያህል በሰላም ይሄዳሉ።

ጉላንግዩ ላይ ምን አለ? እውነት መኪና የለም?

የለም፤ ብስክሌትም አይፈቀድም። ደሴቷ 1.88 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ዕቃ የሚጓጓዘው በእጅ በሚገፋ ጋሪ ነው፣ ዳር ዳሯን ደግሞ ለጎብኚ የሚሆን የኤሌክትሪክ ጋሪ ይዞራል። ስለዚህ ትልቅ ሻንጣ ይዘው አይሻገሩ። መንገዱ ዳገትና ደረጃ ስለሚበዛው ጎማ ያለው ሻንጣም አያድንም።

ሺያመን ከ1842ቱ የናንኪንግ ውል በኋላ ለውጭ ንግድ ከተከፈቱት ወደቦች አንዷ ነበረች። የውጭ ነጋዴዎች፣ ቆንስላዎችና ሚስዮናውያን የሰፈሩት ጉላንግዩ ላይ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ሀብት ይዘው የተመለሱ ቻይናውያንም የራሳቸውን ትልልቅ ቤት ጨመሩበት። ዩኔስኮ በ2017 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በዚህ ቅልቅል ምክንያት ነው። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው እንዳይበዛ በቀን የ50,000 ሰው ጣሪያ ተቀምጧል።

የፀሐይ ብርሃን ዓለት የሚባለው ከፍታ 92.7 ሜትር ሲሆን መግቢያው 50 ዩዋን ገደማ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ጠባብ በመሆኑ ከ10:00 በኋላ ሰልፍ ይሠራበታል፤ በመጀመሪያው ጀልባ ከመጡ በቀጥታ እዚህ ይምጡ። ከላይ ሆነው ቀይ ጣሪያዎቹን፣ ባሕሩንና ማዶ ያሉትን ፎቆች በአንድ ዕይታ ያገኛሉ። ከዚያ ወደ ሹጁዋንግ የአትክልት ሥፍራ መውረድ ነው፤ በ1913 የተሠራ፣ ድልድዩ ባሕሩ ላይ የሚጠማዘዝ ቦታ ነው። የመግቢያው ትኬት የፒያኖ ሙዚየሙንም ይጨምራል። ደሴቷ የፒያኖ ደሴት እየተባለች ትጠራለች፤ ታዋቂው ፒያኒስት ዪን ቼንግዞንግም የተወለደው እዚሁ ነው።

ለትኬት መክፈል ያልፈለገም አይጎዳም። የደሴቷ ውበት በብዛት ያለው በጓሮ መንገዶቿ ላይ ነው፤ በ1863 የተሠራው የኅብረት ቤተ ክርስቲያን፣ በ1917 የተሠራው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የድሮ ቆንስላዎች፣ ሥራቸው ግንቡን ያቀፈ የዋርካ ዛፎች። ሎንግቱ መንገድ ላይ ያለው የመክሰስ ገበያ ግን ውድና ግፊያ የበዛበት ነው፤ ምሳዎን ከዚያ ራቅ ብለው ይብሉ።

ናንፑቱኦ፣ ዩኒቨርሲቲውና የዕፅዋት ማዕከሉ በአንድ ቀን ይሆናሉ?

ይሆናሉ፤ ቅደም ተከተሉን ካወቁ። ጠዋት ናንፑቱኦ ይጀምሩ። የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ የሚጸልዩ ሰዎችን ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ከበስተጀርባው ዉላኦ የሚባለው ተራራ በድንጋይ ደረጃ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አናቱ ላይ የዕፅዋት ማዕከሉ የኋላ በር አለ። 30 ዩዋን ከፍለው በዚያ ከገቡ ቀሪው መንገድ በአብዛኛው ቁልቁለት ይሆናል። በዋናው በር የገባ ሰው ግን ያንኑ ሁሉ በዳገት ይወጣዋል።

ማዕከሉ በ1960 የተቋቋመ ነው። ሁለት ቦታ አይለፉ። አንደኛው የደን ክፍሉ ነው፤ በየተወሰነ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጉም ይለቀቅበታል፣ የሚለቀቅበት ሰዓት በሩ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው የቁልቋልና የእሬት ዓይነቶች የተሰበሰቡበት ደረቅ ክፍል ነው፤ ከእኛ ቆላ ለመጣ ሰው ብዙዎቹ የሚታወቁ ናቸው።

የሺያመን ዩኒቨርሲቲን በ1921 የመሠረተው ሲንጋፖር ውስጥ በጎማ ንግድ የበለጸገው ታን ካህ ኪ ነው። ግቢውን ለማየት አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ቦታውም ቶሎ ያልቃል። ካልተሳካልዎ ብዙ አይዘኑ፣ ከዉላኦ ላይ ግቢው ከነሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል።

በባሕር ዳር ብስክሌት መንዳት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ሁዋንዳዎ የሚባለው መንገድ ደሴቱን ይዞራል፤ ለመንዳት የሚያምረው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከባይቼንግ ዳርቻ እስከ ኤግዚቢሽን ማዕከሉ ያለው ነው። መነሻዎን ነፋሱ ይወስን። ከኦክቶበር እስከ ማርች ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ከኤግዚቢሽን ማዕከሉ ተነስተው ወደ ባይቼንግ ይንዱ፤ ይገፋዎታል። በበጋቸው፣ በጁንና በጁላይ፣ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሜዳ መንገድ ላይ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያልበዋል።

የኪራይ ብስክሌት በአሊፔይ (የስልክ መክፈያ መተግበሪያ) ውስጥ በፓስፖርት ተመዝግበው ይከፍታሉ። ከመክፈትዎ በፊት ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱንና ኮርቻው መጥበቁን ይፈትሹ፤ የባሕር ጨው ብረት ቶሎ ይበላል። ሲጨርሱ ስልኩ በሚያሳየው ማቆሚያ ውስጥ ካላቆሙት ቅጣት ይጨመርብዎታል።

ይህ መንገድ ከእኛ ጋር ትዝታ አለው። በ2003 የተጀመረው የሺያመን ማራቶን የሚሮጠው በዚሁ ባሕር ዳር ነው። ፈይሳ ሌሊሳ በ2010 እዚህ አሸንፏል። ማሬ ዲባባ በ2014 እና በ2015 ተከታታይ ድል አግኝታለች፤ በሁለተኛው ዓመት የገባችበት ሰዓት 2:19:52 ነበር፣ በዚያው ዓመት ቤጂንግ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በመንገዱ ዳር የሯጮች ሐውልቶች ተደርድረዋል፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚያ ሳይቆሙ ማለፍ ይከብዳል።

ከመኪና ርቀው መንዳት ከፈለጉ በፈጣን አውቶቡሱ መስመር ሥር የተዘረጋ 7.6 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ የብስክሌት መንገድ አለ። በ2017 የተከፈተ ሲሆን እግረኛና የኤሌክትሪክ ብስክሌት አይገባበትም። በእግር ለሚሄድ ደግሞ ደሴቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በኮረብታ ላይ የሚያቋርጥ 23 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ ሙሉውን ሳይሆን አንዱን ክፍል ቢሄዱ ይበቃል።

መዋኘት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሰዓቱን ጠብቆ። የሺያመን ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በሙሉውና በጎደለው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አራት ሜትር አካባቢ ነው። ባሕሩ በሸሸ ሰዓት የሚሄድ ሰው ውኃ ሳይሆን ጭቃና ድንጋይ ነው የሚያገኘው። የባሕሩን ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ይመልከቱ፤ ሙሌቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ሊሞላ ሁለት ሰዓት ሲቀረው መግባት ጥሩ ነው፤ መሸሽ ሲጀምር ውኃው ሰውን ወደ ውስጥ ይስባልና ይውጡ። ቀለሙ ሰማያዊ አይደለም፣ ከአጠገቡ ያለ ትልቅ ወንዝ ደለል ያመጣበታል። ልጆች ላሏቸው ሰዎች ግን የሸሸው ባሕር ራሱ ጨዋታ ነው፤ ትንሽ አካፋና ባልዲ ገዝተው ዛጎልና ትንንሽ ሸርጣን ይፈልጋሉ።

የባሕር ምግብ ስገዛ እንዳልታለል ምን ላድርግ?

ባሺ የሚባለው ስምንተኛው ገበያ ከጆንግሻን መንገድ በእግር ይደረሳል። መጀመሪያ የሚዛኑን ነገር ይወቁ። ዋጋ የሚነገረው በኪሎ ሳይሆን በ«ጂን» ነው፤ አንድ ጂን 500 ግራም ነው። አንዳንድ ምግብ ቤት ደግሞ ምናሌው ላይ በ«ሊያንግ» ይጽፋል፤ ያ 50 ግራም ነው። 38 ዩዋን ብለው ያዘዙት ሸርጣን ሒሳብ ሲመጣ አሥር እጥፍ የሚሆነው በዚህ ነው። ከማዘዝዎ በፊት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ጠቅላላ ዋጋውን በስልክ ላይ ጽፈው እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ውኃ አስፈስሰው ያስመዝኑ። ከገዙ በኋላ በአካባቢው ያሉ ትንንሽ ቤቶች በክፍያ ያበስሉልዎታል፤ የማብሰያውንም ዋጋ ቀድመው ይጨርሱ።

ጾመኛ ነኝ። ምን እበላለሁ?

ናንፑቱኦ ግቢ ውስጥ ሥጋና ዓሣ የማይገባበት ምግብ ቤት አለ፤ እንቁላልና ወተት መኖሩን ግን ይጠይቁ። ሌላ ቦታ «ዎ ቺ ሱ» ካሉ ሥጋ እንደማይበሉ ይገባቸዋል። የሺያመን የለውዝ ሾርባ ጣፋጭ ነው፣ ቁርስ ላይ በደንብ ይሆናል፤ እንቁላል እንዳይሰብሩበት ይንገሩ። አትክልት ብቻ የመሰለ ምግብም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል ዘይቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሻቻ በሚባለው የለውዝ መረቅ የሚሠራው ታዋቂ ኑድል ብዙ ጊዜ የአሳማ አጥንት መረቅ አለበት። ቱሱን ዶንግ የሚባለው ጄሊ ደግሞ ውስጡ የባሕር ትል ነው። ሙስሊም ጎብኚዎች ሐላል የላንጆ ኑድል ቤቶችን በየሰፈሩ ያገኛሉ።

ሻይ የት ልጠጣ?

የትም። ቲየጓንዪን የሚባለው ኡሎንግ ሻይ የሚመጣው ከጎረቤት አንሺ ወረዳ ነው፤ አፈላሉም እንደ ቡናችን ጊዜና ወግ አለው። ሰባት ግራም ገደማ ቅጠል ክዳን ባለው ትንሽ ስኒ ይገባል፣ የፈላ ውኃ ፈስሶበት የመጀመሪያው ወዲያው ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ያው ቅጠል ስድስትና ሰባት ጊዜ ይቀዳል። የሱቅ ባለቤት ሲጋብዝዎ ይቀመጡ፤ መግዛት ግዴታ የለብዎትም። ከገዙ ደግሞ ዋጋው በጂን መሆኑን ያስታውሱና ለመሞከር 50 ግራም ይውሰዱ።

ክፍያና ኢንተርኔት እንዴት ነው?

አሊፔይን ወይም ዊቻትን አገርዎ ሳሉ አውርደው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያያይዙ፤ የማረጋገጫ መልእክት ወደ ስልክዎ ስለሚላክ ቻይና ገብቶ መጀመር ያስቸግራል። ካርዱ እምቢ ሊል ስለሚችል ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ዋትስአፕ፣ ጉግልና ቴሌግራም በአገሩ ኔትወርክ አይከፈቱም። በውጭ አገር ሲም ሮሚንግ ከገቡ ግን በአብዛኛው ይሠራሉ። የሆቴልዎን ስምና አድራሻ በቻይንኛ ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ ለታክሲ ሹፌር ከማንኛውም ትርጉም ይሻላል።

ከሺያመን ሆኜ ሌላ ምን ልጨምር?

ጊዜ ካለ የፉጂየን ቱሎዎችን። በተጠቀጠቀ አፈር የተሠሩ፣ አንድ ጎሣ በሙሉ የሚኖርባቸው ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቤቶች ናቸው፤ 46ቱ በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በባቡር እስከ ናንጂንግ ወረዳ ከዚያ በአውቶቡስ ስለሚደረስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። (ይህ ትልቁ የናንጂንግ ከተማ አይደለም፤ ትኬት ሲቆርጡ ክፍለ ሀገሩን ፉጂየን መሆኑን ይዩ።)

ግማሽ ቀን ብቻ ካለ ሜትሮ መስመር 1 ይዘው ወደ ጂሜይ ይሻገሩ። ከጋዎቺ ጣቢያ በኋላ ባቡሩ ከመሬት ወጥቶ ባሕሩ ላይ ይሄዳል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ካልሄዱ መስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ። ጂሜይ የታን ካህ ኪ የትውልድ ቦታ ነው፤ መቃብሩም እዚያው ባሕር ዳር ነው።

ከዉቶንግ ወደብ በግማሽ ሰዓት ጀልባ ወደ ኪንመን መሻገር የሚያስቡ ሰዎች ግን ቪዛቸውን ደግመው ይዩ። ኪንመን በታይዋን አስተዳደር ሥር ስለሆነች ሲሻገሩ ከቻይና እንደወጡ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የታይዋን ፈቃድና ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ የቻይና ቪዛ ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የተሻገረ ተመልሶ ሺያመን መግባት አይችልም፤ ሻንጣውም ሆቴል ይቀራል።